ኬንዶ፣ ኢያይዶ ወይስ ኬንጁጽሱ? ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት

የጃፓን ጎራዴ ልማር ያለ ሰው ቶሎ የሚቸኩለው ጎራዴ ለመግዛት ነው። ሦስቱ ስልቶች ግን የሚፈልጉት ዕቃ ለየቅል ነው።

መጋጠም የሚወድ ሰው ኬንዶ ይግባ። ጩኸት አለ፣ ላብ አለ፣ ዱላ አለ። ነጥብ የሚያስገኘው ራስን፣ የእጅ አንጓንና ጎንን መምታት ወይም ጉሮሮን መውጋት ነው። ቀድሞ ሁለት ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል። ነጥብ አገኘሁ ብሎ የጨፈረ ግን ነጥቡ ሊሰረዝበት ይችላል። (እግር ኳስ ላይም ቢኖር እንዴት ደስ ባለኝ!) ኪስ የሚጎዳው ቦጉ የሚባለው መከላከያ ልብስ ነው፤ ጀማሪ ግን ወዲያው አያስፈልገውም፣ የሚያውሱ ክለቦችም አሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሺናይ ይበቃል። ሺናይ ከአራት የቀርከሃ ቁራጮች የሚታሰር የልምምድ ጎራዴ ነው፤ ስለሚሰነጠቅ በየጊዜው ይቀየራል። ከልምምድ በፊት ሳያዩት መግባት አደጋ አለው። ስንጣሪው በጭንብሉ ፍርግርግ ሾልኮ ዓይን ሊወጋ ይችላል።

ኢያይዶ ጸጥ ያለ ነው። ተጋጣሚው በሐሳብ ብቻ ያለ ሰው ነው፤ ጎራዴውን ከሰገባው መምዘዝ፣ መቁረጥ፣ መልሶ መክተት ነው ሥራው። የመላው ጃፓን ኬንዶ ፌዴሬሽን ያወጣቸው መደበኛ ካታዎች (ቅደም ተከተላቸው አስቀድሞ የተወሰነ የእንቅስቃሴ ልምምዶች) 12 ናቸው። አንዳንዶቹ በጉልበት ተንበርክኮ የሚጀመሩ ስለሆኑ ጉልበቱን የሚያመው ሰው አስቀድሞ ያስብበት። ለመጀመር ሰገባ ያለው የእንጨት ጎራዴ ይበቃል። ቀጥሎ የሚመጣው ኢያይቶ የሚባለው የልምምድ ጎራዴ ስለት የለውም፤ ብዙውን ጊዜ ከዚንክና ከአሉሚኒየም ቅይጥ ይሠራል፤ ሌላ ጎራዴ አይመታበትም። ርዝመቱ በቁመት ስለሚለካ መምህሩን ሳትጠይቁ እንዳታዙ።

ኬንጁጽሱ የጥንቶቹ ትምህርት ቤቶች ስልት ነው። ለምሳሌ ካቶሪ ሺንቶ ርዩ ከ15ኛው ክፍለ ዘመን የመጣ ነው። ውድድር የለም፤ ሁለት ሰዎች በእንጨት ጎራዴ ካታ ይለማመዳሉ። ዕቃው ርካሽ ነው፣ ችግሩ እውነተኛ መምህር ማግኘቱ ላይ ነው። ከማን ተማርክ ሲባል የሚያድበሰብስ መምህር ጋ ገንዘብ አትክፈሉ። ዕቃውም ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል፤ ያግዩ ሺንካጌ ርዩ በቆዳ የተሸፈነ ቀርከሃ ይጠቀማል።

እኔን ከጠየቃችሁ፣ ዱላ የማይፈራ ወጣት ኬንዶን፣ ብቻውን ቤት ውስጥ መለማመድ የሚሻ ኢያይዶን ይምረጥ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን የጌጥ ጎራዴ ግን ማንም አይወዝውዘው፤ ስለቱ ከእጀታው ተነቅሎ ሊወረወር ይችላል።