ያልተዘጋጀ ደንበኛ ቤት ሲደርሱ፦ መቆየት ወይስ ሌላ ቀን መመለስ?

አዳማ ውስጥ ፍሪጅ የሚጠግን ባለሙያ፣ ዕቃው ያልወጣና በረዶው ያልቀለጠ ፍሪጅ ሲያጋጥመው፣ ወይ ደንበኛው እስኪያዘጋጅ ይቆያል፣ ወይ ሌላ ቀን ቀጥሮ ይመለሳል።

በወጪ በኩል፣ መቆየት የባጃጅ ሒሳብ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል፤ ይሁንና በረዶው እስኪቀልጥ ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል የቀጣዩ ደንበኛ ቀጠሮ ይፋለሳል። መመለስ ቀኑን ያተርፋል፤ የመመላለሻውን ዋጋ ማን እንደሚከፍል አስቀድሞ በስልክ ካልተነገረ ግን ጭቅጭቁ ከጥገናው ይረዝማል።

ልዩነቱ የሚሰፋው በአደጋው ነው። የሚቆየው ባለሙያ «ቶሎ በልልን» በሚል ውትወታ ተገፋፍቶ በረዶውን በቢላ ወይም በጠፍጣፋ መፍቻ መፈልፈል ይቃጣዋል፤ ጋዝ የሚዘዋወርበት ቱቦ ከተበሳ ደግሞ ቀላሉ ሥራ ወደ ብየዳና ጋዝ ሙሌት ይለወጣል፣ ተጠያቂውም እሱ ይሆናል። (በእኔ እምነት ለመመለስ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው።) የሚመለሰው ባለሙያ ስጋቱ ደንበኛውን ማጣት ነው።

የቀረው ዕቃ ማውጣት ወይም ፍሪጁን ከግድግዳ ማራቅ ብቻ ከሆነ መቆየት ያዋጣል፤ በረዶው ከጋገረ፣ መብራት ከጠፋ ወይም ስለ ዋጋ የሚወስነው ሰው ቤት ከሌለ ግን ፍሪጁ ከዋዜማው ተነቅሎ እንዲያድር ነግሮ መመለስ ይሻላል።