ፌት ሲሙሌሽን ከስምንት ወር በኋላ፦ ምጣዱ ያመጣው ጥያቄ

ጅማ፣ አጂፕ አካባቢ፣ ቤቴ ውስጥ አራት የ10ኛ ክፍል ልጆችን ፊዚክስ አስጠናለሁ። ፌት የሚባለውን ሲሙሌሽን (ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ የፊዚክስ ሙከራ) ከያዝኩ ስምንት ወር ሞላኝ። የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያስጀመረው ነው። በነፃ ይገኛል። አንዴ ካወረዱት ኢንተርኔት አይፈልግም። ላፕቶፔ ቻርጅ ካለው መብራት ቢጠፋም ትምህርቱ አይቋረጥም።

በፊት ሌላ ፕሮግራም ነበረኝ። ልጁ ሲሳሳት ጥያቄውን ያቀላል፣ ሲመልስ ያከብዳል። ሲሰሙት ደስ ይላል። ልጆቹ ግን በሁለት ሳምንት ነቁበት፤ ሆን ብለው እየተሳሳቱ ቀላሏን ይጠብቃሉ። ተውኩት። ፌት ልጁን አይመዝንም፣ ቀጣዩንም አይመርጥለትም። ያ የእኔ ሥራ ነው።

ብዙ የሠራንበት የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱን ነው። ባትሪው 9 ቮልት፣ አምፖሉ 10 ኦም ሆኖ ይመጣል። ማውሱን ሳይነኩ በፊት አስገምታቸዋለሁ። ሁለት አምፖል በተከታታይ ስንቀጥል አራቱም "የመጀመሪያው ኤሌክትሪኩን ይበላዋል፣ ሁለተኛው ይደክማል" አሉ። የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚለካው አሜትር ከመጀመሪያውም ከሁለተኛውም አምፖል በኋላ እኩል 0.45 አምፔር አነበበ። ኤሌክትሮኖቹም እኩል ሲሄዱ ይታያሉ። እኔ ይቺን ነገር በጠመኔ ስንት ጊዜ ለፍልፌባታለሁ!

ጎን ለጎን ስንቀጥላቸው ደግሞ አንዱም አልደበዘዘም፣ እያንዳንዳቸው 0.9። ያኔ አንዷ "ቲቸር፣ ውሸት ነው! እኛ ቤት ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ይደክማል" አለች። እውነቷን ነው። ሲሙሌሽኑ ሲከፈት የባትሪው የውስጥ ሬዚስታንስ፣ ማለትም ፍሰቱን የሚያግደው ነገር፣ ዜሮ ነው። እነሱ ቤት ድረስ የሚመጣው ሽቦ ግን ራሱ ሬዚስታንስ አለው። "ላብ" የሚለው ክፍል ገብተን የባትሪውን 5 ኦም አደረግነው። አንድ አምፖል ብቻውን 0.6፤ ሁለተኛው ጎኑ ሲገባ ወደ 0.45 ወረደ፣ ብርሃኑም ቀነሰ። "ይኸው የእኛ ቤት!" ብላ ጮኸች። የዚያን ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ እርስ በርስ አንሰማማም ነበር፤ የእሷ ድምፅ ግን ተሰማ።

አንድ ነገር ያስፈራኛል። ፌት ላይ ሾርት ሲያደርጉ፣ ማለትም የባትሪውን ሁለት ጫፍ በባዶ ሽቦ ሲያገናኙ፣ ባትሪው በእሳት ይያያዛል፣ እነሱም ይስቃሉ። ሶኬት ጋ እንዳይሞክሩት ደጋግሜ አስጠንቅቄያለሁ።

ሌላው ደግሞ እጅ አያስለምድም። ስክሪን ላይ ሽቦ አይላላም። ባለፈው ከሱቅ የባትሪ ድንጋይና ትንሽ አምፖል ገዝቼ ሰጠኋቸው። ያቺው የምጣዷ ልጅ አንዱ ሽቦ የአምፖሉን ታች ጫፍ መንካት ሲገባው ሁለቱንም ጥርሱ ላይ አስራ ሃያ ደቂቃ ታገለች። አሁን አንድ ሳምንት ላፕቶፕ፣ አንድ ሳምንት ድንጋይ ነው። ማውሱን ማን ይያዝ የሚለው ግን እስካሁን በዕጣ ነው።