የድብርት መጠየቂያው አማርኛ ቅጂ ጎጃም ላይ እንዴት ይሠራል?

ፒኤችኪው-9 የሚባለው የድብርት ምልክት መጠየቂያ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ክሮንኬ፣ ስፒትዘርና ዊልያምስ እ.ኤ.አ. በ2001 ካሳተሙት ወዲህ ብዙ አገር ገብቷል፤ ክፍያም ልዩ ፈቃድም አይጠይቅም። ባለፉት 2 ሳምንታት 9 ችግሮች ምን ያህል ጊዜ እንዳስቸገሩ ይጠይቃል፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፣ ድምሩ ከ27 ይታሰባል። ደብረ ማርቆስ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ሞጣ ወይም ቡሬ ተቀምጦ በቀን ብዙ ታካሚ ለሚያይ የጤና መኮንን ወይም ነርስ አማርኛ ቅጂው ይረዳዋል ወይ? ይረዳዋል። ወረቀቱን ለታካሚው አስይዞ «ሞልተህ አምጣ» የሚል ግን ከነጭራሹ ባይጠይቅ ይሻለው ነበር፤ የሚያገኘው ድምር ያሳስተዋልና።

እዚህ የምንመዝነው ከእጅ ወደ እጅ በፎቶ ኮፒ የሚዞረውን ዓይነት ቅጂ ነው። ቃሉ ከቅጂ ቅጂ ትንሽ ትንሽ ስለሚለያይ የያዛችሁትን አጠገባችሁ አድርጋችሁ እያስተያያችሁ አንብቡ።

መጀመሪያ የሚመሰገነው ይመስገን። ጥሩዎቹ ቅጂዎች በ«እርስዎ» የተጻፉ ናቸው። ይህ የአክብሮት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ«አንተ/አንቺ» የተጻፈ ቅጂ በየግሡ ላይ «ሆነህ/ሆነሽ»፣ «አስቸግሮህ/አስቸግሮሽ» እያለ ይሄዳል፤ ጮክ ብሎ ሲነበብ አንባቢው ይደናቀፋል፣ አዳማጩም ጥያቄው መሐል ላይ ይጠፋዋል። «እርስዎ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው፣ ለእማማም ለአባባም ይሆናል። አሥራ ስድስት ዓመት ለሆናት ልጅ ትንሽ ይርቃል፤ ለእሷ አንባቢው በቃል ወደ «አንቺ» ቢያዞረው ምንም አይጎድልም።

ዋናው ጉድለት ከጥያቄዎቹ ይልቅ መልሶቹ ላይ ነው። አራቱ መልሶች «በጭራሽ»፣ «ጥቂት ቀናት»፣ «ከግማሽ በላይ ቀናት» እና «በየቀኑ ማለት ይቻላል» መሆን አለባቸው። ሁለተኛው «ብዙ ቀናት» ተብሎ የተተረጎመበት ቅጂ ከያዛችሁ ዛሬውኑ ሰርዙት። «ብዙ» በአማርኛ ከግማሽ ይበልጣል እንጂ አያንስም። 10 ቀን እንቅልፍ ያጣ ሰው «ብዙ ቀን ነው እንጂ!» ብሎ 2 ማግኘት ሲገባው 1 ይያዝለታል። በዘጠኙም ጥያቄ እንዲህ ከሆነ 18 የሚገባው ሰው 9 ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«ከግማሽ በላይ ቀናት» ትርጉሙ ልክ ነው፣ ግን ክፍልፋይ በጆሮ ሲሰማ አይያዝም። መፍትሔው ቀኑን በቁጥር መጠየቅ ነው። አሜሪካ ውስጥ በስልክ በሚካሄደው ትልቅ የጤና ዳሰሳ የመጀመሪያዎቹን 8 ጥያቄዎች ሲጠይቁ ያደረጉት ይህንኑ ነው፦ 0 ወይም 1 ቀን ከሆነ 0 ነጥብ፣ ከ2 እስከ 6 ቀን 1፣ ከ7 እስከ 11 ቀን 2፣ ከ12 እስከ 14 ቀን 3። ማንበብ ለማይችል ታካሚ 14 ፍሬ ሽምብራ ወይም ባቄላ ጠረጴዛው ላይ በሁለት ረድፍ ሰባት ሰባት አድርጋችሁ ደርድሩ፤ የመጨረሻዋ ፍሬ ትናንት ናት በሏቸው። ከዚያ «ከእነዚህ ሌሊቶች ስንቱን ሳይተኙ አነጉት? ለየት አድርገው ያሳዩኝ» ነው። ሁለት ጥያቄ ካለፈ በኋላ ታካሚው ራሱ ፍሬ ማንሳት ይጀምራል፣ ሥራውም ይፈጥናል። ፍሬዎቹን በየጥያቄው መልሱ፤ ካልመለሳችሁ የፊተኛው መልስ በኋለኛው ላይ ይደመራል።

«ባለፉት 2 ሳምንታት» የሚለውም ብቻውን አይበቃም። ብዙ ሰው ሁለት ሳምንትን «አሥራ አምስት ቀን» ነው የሚለው፣ እሱም ቢሆን በግምት ነው። ጎጃም ውስጥ ቀን የሚያዘው በበዓል ነውና መነሻውን በበዓል ስጡ። ዛሬ ወሩ በገባ 26 ከሆነ «ከሚካኤል ወዲህ» ልክ 14 ቀን ነው። ወሩ 5 ከሆነ «ካለፈው ማርያም ወዲህ» ይላሉ። (መስከረም መግቢያ ላይ ጳጉሜን መቁጠር እንዳትረሱ።)

ወደ ቃላቱ እንምጣ። ሁለተኛው ጥያቄ «ድብርት» የሚል ቃል ይዟል። ቃሉ የባለሙያ ነው። ወጣቱ «ደበረኝ» ሲል መሰላቸቱን ነው፤ ትምህርቱ ደበረኝ፣ ሰፈሩ ይደብራል ይላል። ገጠር ያሉ እናት ደግሞ ቃሉን ለራሳቸው ላይጠቀሙበት ይችላሉ። እሳቸው የሚሉት «ሆዴ ባባ»፣ «ሆዴን ባር ባር አለኝ»፣ «ጨነቀኝ ጠበበኝ» ነው። ጥያቄው «ሆድ መባባት፣ ማዘን፣ ባር ባር ማለት» ቢል የሚጠይቀውን ነገር ይነካል። እዚያው ጥያቄ ውስጥ ያለው «ተስፋ መቁረጥ» ሌላ ችግር አለው። ተስፋ መቁረጥ ኃጢአት መሆኑን የሚያውቅ ሰው «ተስፋስ በእግዚአብሔር ነው» ብሎ 0 ያስይዛል። «ነገ የሚሻል አልመስልዎት አለ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል፤ እምነታቸውን ሳይነካ ስሜቱን ይጠይቃል።

የሕክምና መጠይቅን ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ይህን ፈተና ከእኛ በፊት አይተውታል። ስፓኒሽ በ20 ገደማ አገሮች ይፋዊ ቋንቋ ነው፣ ቃሉ ግን ከቦታ ቦታ ይዞራል። «ኮንስቲፓዶ» ስፔን ውስጥ ጉንፋን የያዘው ማለት ሲሆን ላቲን አሜሪካ ውስጥ ሆድ ድርቀት ያለበት ነው። «ፋቲጋ» ድካም ነው ብላችሁ ብትጽፉ ፖርቶ ሪኮ ላይ አስም እየጠየቃችሁ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1980 ፍሎሪዳ ውስጥ ከኩባ የመጣ ቤተሰብ ራሱን የሳተ ልጁን ሆስፒታል አምጥቶ «ኢንቶክሲካዶ» ነው አለ፤ የበላው ነገር አሳመመው ማለታቸው ነበር። ሐኪሞቹ ዕፅ ወስዶ ነው ብለው ያዙት። የነበረው ግን አእምሮ ውስጥ የደም መፍሰስ ነው፣ ልጁም እጅና እግሩ ሽባ ሆኖ ቀረ። እኛም ዘንድ «ልብ» የሚለው ቃል ብቻውን ይበቃል። «ልቤን ያቃጥለኛል» ያለ ሰው ጨጓራውን ነው፤ «የልብ ድካም» ካርድ ላይ ሲጻፍ ከባድ የልብ በሽታ ነው፤ «ልቤ ደከመ» ግን ለዚህ መጠይቅ የሚፈለገው ምልክት ሊሆን ይችላል። «ልብ» በተባለ ቁጥር እጃቸውን የት እንደሚያሳርፉ እዩ።

አንደኛው ጥያቄ «ነገሮችን ለመሥራት ፍላጎት ወይም ደስታ ማጣት» ይላል። ለገበሬ ይህ አይገባም፤ ፍላጎት ኖረም አልኖረም ማሳው ይታረማል፣ ከብቱ ይታለባል። «ድሮ ደስ ይልዎት የነበረው፣ ማኅበሩ፣ ቡናው፣ ልጆቹ፣ አሁን ደስ ማለቱን ተወ?» ቢባል መልስ ይመጣል። ሰባተኛው «ጋዜጣ ሲያነቡ ወይም ቴሌቪዥን ሲያዩ» የሚል ምሳሌ ከእንግሊዝኛው እንዳለ ከወረደ ምሳሌው ይቀየር። ስብከት ሲሰሙ ሐሳብ መሸሽ፣ ገበያ ላይ መልስ ሲቆጥሩ መሳሳት፣ ወጥ ጥዶ ረስቶ ማሳረር፤ እነዚህ ትኩረት ማጣትን በትክክል የሚለኩ ናቸው። ስለ ምግብ የሚጠይቀው አምስተኛው በጾም ወራት ይበላሻል። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያልበላ ሰው «ምግብ ቀንሰዋል?» ሲባል አዎ ቢል ድብርት አይደለም። «ማዕድ ሲቀርብ ምግቡ አልወርድ ይልዎታል?» በሉ። ስድስተኛው ስለ ራስ ዝቅ ማለትና ቤተሰብን ማሳፈር ነው፣ እንዳለ ይሠራል። ስምንተኛው መቀዝቀዝንና መቁነጥነጥን አንድ ላይ የጨፈለቀ ነው፤ ለሁለት ከፍላችሁ ጠይቁና ትልቁን ነጥብ ያዙ። አብሮ የመጣ ዘመድ ካለ ይህችን አንዷን ብቻ እሱንም ጠይቁት፣ ጥያቄው ሰው አይቶት እንደሆነ ነውና።

ዘጠነኛውን ዘመድ ፊት አትጠይቁ። እዚህ ላይ ቀስ ማለት ያስፈልጋል። ጥያቄው ሁለት ሐሳብ ይዟል፦ ብሞት ይሻል ነበር ማለትንና ራስን መጉዳት ማሰብን። «ምነው በሞትሁት» በአማርኛ በየለቅሶውና በየድካሙ የሚነገር ነው፤ ስለዚህ መልሱ ከ0 በላይ ከሆነ ነጥቡን ጽፎ ማለፍ ስሕተት ነው፣ «የአነጋገር ልማድ ነው» ብሎ መተውም የባሰ ስሕተት ነው። ቀጥላችሁ ጠይቁ። ሐሳቡ የሚመጣው ሞትን መመኘት ብቻ ነው ወይስ ራስን ለማጥፋት? እንዴት አደርጋለሁ ብለው አስበዋል? ዛሬስ? መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣም፤ ብዙውን ጊዜ ሸክሙን ያቀልላል። አዎ ያሉ ሰው ብቻቸውን አይሂዱ፤ በዚያው ቀን የአእምሮ ጤና ሥልጠና ያለው ባለሙያ ይያቸው፣ በፈቃዳቸውም አንድ የሚያምኑት ዘመድ ይጠራ፣ ቤት ውስጥ ያለ አደገኛ ነገርም ይራቅ። ድምሩ 4 ብቻ ቢሆንም እንኳ።

ስለ ድምሩ። ወረቀቱ ግርጌ ላይ ያለው ሰንጠረዥ 5፣ 10፣ 15 እና 20ን ከቀላል ወደ ከባድ ድብርት መሸጋገሪያ ያደርጋል፣ 10ን ደግሞ ብዙው ባለሙያ ድብርት የሚጠረጠርበት በር አድርጎ ይቆጥረዋል። አዲስ አበባ ውስጥ በሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ጥናት 10ን ተቀብሏል። በገጠር ጤና ጣቢያ ታካሚዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ግን የተሻለ ሆኖ ያገኘው 5ን ነው። የገጠር ጎጃም ጤና ጣቢያ ለሁለተኛው ይቀርባል። ስለዚህ 6 ወይም 7 ያገኘ ሰው «ደህና ነዎት» ተብሎ አይሸኝ፤ ቁጭ አድርጎ ማነጋገርና በ2 ሳምንት መልሶ ማየት ይገባል። በተቃራኒውም ተጠንቀቁ። ከቆላ የመጣና ሰሞኑን ወባ የያዘው ሰው እንቅልፍ፣ ድካምና ምግብ ላይ ሦስት ሦስት ቢያገኝ ያለምንም ድብርት 9 ሞላ ማለት ነው። ትኩሳትን፣ የደም ማነስንና ሳንባ ነቀርሳን ሳያዩ መድኃኒት መጻፍ አይገባም። አንደኛውና ሁለተኛው ጥያቄ ሁለቱም 0 ሆነው ድምሩ ከፍ ካለ መጀመሪያ አካሉን መርምሩ።

እንጅባራ፣ ዳንግላ ወይም ቻግኒ ለምትሠሩ ይህ ቅጂ አፋቸውን በአዊኛ ለፈቱ ሰዎች አልተዘጋጀም። የታካሚውን ልጅ አስተርጓሚ ማድረግ በተለይ ዘጠነኛው ላይ አይሆንም፤ የትኛውም አባት ያንን በልጁ አፍ አይመልስም። ቋንቋውን የሚችል ባልደረባ ካለ ጥያቄዎቹን አስቀድሞ ይለማመዳቸው።

ቅጂውን ራሳችሁ ለማስተካከል ካሰባችሁ መንገዱ የታወቀ ነው። ሁለት ሰው ለየብቻ ይተረጉማል፤ አንዱ ባለሙያ፣ አንዱ የአካባቢውን አማርኛ በደንብ የሚያውቅ። ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ ማድረግ ይከተላል። ዋናውን ያላየ ሦስተኛ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል፣ ልዩነቱም ይታያል። ብዙዎች እዚህ ላይ ያቆማሉ። ግን «ድብርት»ን ወደ እንግሊዝኛ መልሱት ቢባል የተማረ ሰው ያለ አንዳች ችግር ይመልሰዋል፤ ታካሚዋ ቃሉን አለማወቋ በዚህ አይገለጥም። የሚገለጠው ከ5 እስከ 8 ለሚሆኑ ታካሚዎች አንብባችሁ «አሁን ምን ጠየቅሁዎት? በራስዎ ቃል ይንገሩኝ» ስትሉ ነው። ግማሾቹ ሌላ ነገር ከነገሯችሁ ጥያቄው ይቀየራል። ቃሉን የቀየራችሁበትን ቀን ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ አሮጌና አዲስ ቅጂ አንድ መሳቢያ ውስጥ ከተደባለቁ የታካሚውን የመጀመሪያና የሁለተኛ ድምር ማወዳደር አይቻልም።

ፎቶ ኮፒ ስታስደርጉ ግርጌውን እዩ። ከዘጠኙ በታች ነጥብ የማይሰጠው ተጨማሪ ጥያቄ አለ፤ ችግሮቹ ሥራን፣ የቤት ኑሮንና ከሰው ጋር መኖርን ምን ያህል እንዳከበዱ የሚጠይቀው። ኮፒው ትንሽ ከተንሸራተተ መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው። አንድ ሰው 8 አግኝቶ ማረሱን ከተወ፣ ይህን የምታውቁት ከዚያች መስመር ብቻ ነው።