ቴርማል ፔስት፦ የ150 ብሩ ወይስ የ1,400 ብሩ?

«ላፕቶፔ እንደ ምጣድ ጋለ፤ ምን ፔስት ልግዛ?» የሚል መልእክት በወር ሁለት ሦስቴ ይደርሰኛል። ፔስት የምንለው በፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ) እና ሙቀቱን በሚወስድለት ብረት (ሂትሲንክ) መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ ከምመልስ አንዴ ልጻፈው። መልሴ አርክቲክ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ኦሪጅናል ኤምኤክስ-4 (MX-4) ነው። ሱቅ ስትገቡ ግን «ሁሉም ያው ነው» ብለው ሌላ ሊያስይዟችሁ ስለሚችሉ ምክንያቱን ጭምር ያዙ።

ነገሩ የጀመረው በእህቴ ላፕቶፕ ነው። እህቴ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ከበድ ያለ የኤክሴል ፋይል በከፈተች ቁጥር ፋኑ እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ስለካው ፕሮሰሰሩ 97 ዲግሪ ደርሷል። ፕሮሰሰር እዚህ ሲደርስ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። እሷ «ቀርፋፋ ሆነብኝ» የምትለው ይህንን ነው። መገናኛ አካባቢ ካለ ሱቅ አንድ ግራጫ ስሪንጅ በ150 ብር ገዛሁና ቀባሁላት። ወደ 84 ወረደ፤ ደስ አለን።

አራት ወር ሳይሞላ ደወለች። «ያው ተመልሷል» አለችኝ። ስከፍተው ከፔስቱ ግማሹ ወደ ጠርዝ ተገፍቶ ወጥቷል። መሀል ላይ የቀረው በጥፍሬ ስነካው እንደ አሮጌ ግድግዳ ኖራ ተፈረፈረ። ፕሮሰሰሩ በሞቀና በቀዘቀዘ ቁጥር በጥቂቱ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል። ቀጭን ፔስት ከሆነ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተገፋ ያልቃል። ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ቺፑ ያለ ብረት ክዳን ቀጥታ ከሂትሲንኩ ጋር ነው የሚገናኘው።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ፔስት በስሪንጁ ዋጋ አይታይም፤ አንዱ ቅብ ስንት ወጣበት ተብሎ ነው የሚሰላው። የ150 ብሩ ቢበዛ 1 ግራም ነው፤ ሁለት ላፕቶፕ ያስቀባል። አንዱ ቅብ 75 ብር መጣ ማለት ነው። ባለ 4 ግራሙን ኤምኤክስ-4 ለመጨረሻ ጊዜ የገዛሁት 1,400 ብር ነው። አንድ ላፕቶፕ ከግማሽ ግራም በላይ አይወስድም፤ ስለዚህ ቢያንስ ስምንት ጊዜ ይቀባል፣ አንዱ 175 ብር። ልዩነቱ 100 ብር ብቻ ነው! ላፕቶፑን ለመክፈት ደግሞ ቴክኒሻኑ 500 ብር ይጠይቃል እንበል። ርካሹ በዓመት ሦስቴ ካስከፈታችሁ 1,725 ብር አወጣችሁ። በኤምኤክስ-4 አንዴ 675 ብር ከፍላችሁ ዓመቱን ትሻገራላችሁ። ላፕቶፕ በተከፈተ ቁጥር የሚሰበረውን ፕላስቲክና የሚበላሸውን ብሎን ገና አልቆጠርኩም።

የእህቴን በኤምኤክስ-4 ስቀባው 79 ላይ ቆመ። ከሁለት ዓመት በኋላ ለካሁት፤ 82። ፋኑን ከማጽዳት በቀር እስካሁን አልነካሁትም።

ኤምኤክስ-4 ከ2010 ጀምሮ ያለ ፔስት ነው። ውስጡ ካርበን እንጂ ብረት ስላልሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ትንሽ ቢፈስ ቦርዱ አይቃጠልባችሁም፤ ለጀማሪ እጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ2022 የወጣውን ኤምኤክስ-6ን በተቀራረበ ዋጋ ካገኛችሁ እሱም ይሁን።

ችግሩ ፎርጅዱ ነው። እኔም ተበልቻለሁ። «ኤምኤክስ-4 በ450 ብር» ሲሉኝ ሁለት ስሪንጅ ገዛሁ፤ ዋጋው ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ማሸጊያው ከኦሪጅናሉ አይለይም። ስጫነው ግን መጀመሪያ ዘይት ጠብ አለ፣ ከዚያ እንደ ቀጠነ ሊጥ የሚፈስ ነገር ወጣ። ኦሪጅናሉ ወፈር ያለ ግራጫ ነው፤ እንዲህ አይፈስም። ፒያሳ ወርቅ ቤት የሚሠራ ጓደኛዬ ጋ ወስጄ ሳይጀመር የቆየውን ሁለተኛውን ስሪንጅ በሚዛን አስለካሁት፤ ጨምቀን ባዶውንም መዘንን። 4 ግራም የተባለው 2.3 ግራም ሆኖ ተገኘ። ወርቅ ቢሆን ክስ ነበር። አምራቹ ኦሪጅናልነቱን የምታረጋግጡበት መንገድ በድረ ገጹ ላይ አለው፤ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ በስልካችሁ አረጋግጡ። ሻጩ ከተቆጣ ውጡ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ማስያዝ ነው፤ ከአውራ ጣት አይበልጥም፣ ሻንጣ አይከብድም።

ስለ ሌሎቹም ትጠይቁኛላችሁ። ክራዮናት (Kryonaut) ጎበዝ ፔስት ነው፤ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰርን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ አፍጥነው ለሚጫወቱ ይሆናል። ግን 1 ግራሙን በባለ 4 ግራሙ ኤምኤክስ-4 ዋጋ ነው ያገኘሁት፤ ለሁለት ዲግሪ ብዬ አልከፍለውም። ፔስቱ የሚቀባው በጣም ስስ ሆኖ ስለሆነ ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ትልቅ የሙቀት ማስተላለፍ ቁጥር በዲግሪ ሲመጣ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ፎርጅዶቹ ላይ ደግሞ ቁጥሩን ማንም እንዳሻው ያትመዋል።

በፔስት ፋንታ የሚቀባውን ፈሳሽ ብረት፣ ሊኩዊድ ሜታልን አትንኩ። ውስጡ ጋሊየም ነው፤ አሉሚኒየም ከነካ ይበላዋል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል። ፕሌይስቴሽን 5 ውስጥ ከፋብሪካው ሊኩዊድ ሜታል አለ፤ ጌም ቤት ያላችሁ ሰዎች ማሽኑን የሚከፍትላችሁ ቴክኒሻን ይህን ማወቁን ጠይቁ። የጥርስ ሳሙና ቀብቶ የሚያሳየውን ቪዲዮ እርሱት፤ በቀናት ውስጥ ይደርቃል።

ኤምኤክስ-4ን የምተውበት አንድ ቦታ አለ። ቀኑን ሙሉ ቪዲዮ የምታቀናብሩ ወይም ጌሚንግ ላፕቶፕ ያላችሁ ከሆነ፣ ሃኒዌል ፒቲኤም7950 የሚባለውን ስስ ሉህ አስመጡ። ሲቀዘቅዝ ጠጣር ነው፤ 45 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይለሰልስና ክፍተቱን ይሞላል። እንደ ፔስት እየተገፋ አይወጣም። የእሱም ፎርጅድ ሞልቷል፤ ስለዚህ ከማታውቁት ሰው አትግዙ።

ስትቀቡ አሮጌውን በአልኮልና በለስላሳ ጨርቅ ቺፑ እስኪያብረቀርቅ ጥረጉ። የምስር ፍሬ የምታህል ጠብታ ትበቃለች፤ ላፕቶፕ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቺፑን ሙሉ በሙሉ ሸፍኑ። ብሎኖቹን በተጻፈባቸው ቁጥር ተራ በጥቂት በጥቂቱ አጥብቁ። የተረፈውን ክዳኑን ገጥማችሁ መሳቢያ ውስጥ አኑሩት፤ ፀሐይ አያግኘው። የእህቴን የቀባሁበት ስሪንጅ አሁንም አለኝ፤ ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴን ልጅ ላፕቶፕ ቀብቼበታለሁ።