ኮንቻን በጎንደር ለመጋገር የገዛሁት አነስተኛ የኤሌክትሪክ ምድጃ

ከፒያሳ አካባቢ የገዛሁት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ ኮንቻ የተባለውን የሜክሲኮ ጣፋጭ ዳቦ ለመጋገር ከጠበቅሁት በላይ ተስማምቶኛል። ኮንቻ በወተት፣ በእንቁላል፣ በስኳርና በቅቤ የሚቦካ ለስላሳ ዳቦ ሲሆን፣ መለያው በክብደት እኩል ከሆኑ ዱቄት፣ የላመ ስኳርና ቅቤ ተለውሶ ከላይ የሚለበጠው፣ ከመጋገሩ በፊትም የዛጎል ቅርጽ የሚወጣለት ሽፋን ነው። ለዚህ ቅመም የገባበት የተነጠረ ቅቤ ጠረኑ ስለሚያይል የገበታ ቅቤ ይሻላል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና የአየር ግፊቱም ዝቅ ያለ ስለሆነ ሊጡ ቶሎ ኩፍ ይላል፤ ስለዚህ እርሾውን ቀነስ አድርጎ ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ ሊጡን መመልከት ይገባል።

የምድጃው ጉድለት የላይኛው ማሞቂያ ለዳቦው እጅግ መቅረቡ ነው። በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከለኛው መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ ውስጡ ሳይበስል ሽፋኑ ይጠቁራል፤ ታችኛው ላይ ሲሆን ግን ሽፋኑ ተሰነጣጥቆ ነጭነቱን እንደጠበቀ፣ ጎኑ ወርቃማ ሆኖ ይወጣል። የሙቀት መቆጣጠሪያው ቁጥር ሁልጊዜ ስለማይታመን፣ ምድጃ ውስጥ የሚቀመጥ ቴርሞሜትር አብሮ መግዛት በእኔ እምነት ግድ ነው።