በፊት በኦፕራሲዮን ወልጄ፣ አሁን ደግሞ መንታ፦ ደብረ ብርሃን ያገኘሁት የወሊድ አገልግሎት

የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን ካሉት ሆስፒታሎች በአንዱ፣ በእናቶች ማቆያውና በማዋለጃ ክፍሉ ሁለት ሳምንት ገደማ ከርሜ መንታ ልጆቼን ታቅፌ ከወጣሁ አራት ወር ሆነኝ። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ የማማርርበት ነገር አለኝና። ግን አገልግሎቱን ልንገራችሁ፣ በተለይ እንደኔ የመጀመሪያዋን በኦፕራሲዮን ወልዳ አሁን መንታ ይዛ፣ በምጥ መውለድ እችል ይሆን እያለች ሌሊቱን ጣሪያ እያየች ለምታነጋ።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አንዷ ለምን እንደቀረች ወደኋላ እነግራችኋለሁ።

የመጀመሪያ ልጄ ሦስት ዓመት አልፎታል። እሱን ስወልድ ሌላ ከተማ ነበርን። ምጡ ቀን ሙሉ ቆየና የልጁ የልብ ምት ወረደ ተብሎ በሩጫ አስገቡኝ። ልጄ ደህና ወጣ፣ ተመስገን። እኔ ግን ለሳምንታት መሳቅ ፈርቼ ነበር፤ ሳል ሲመጣብኝ ትራስ ሆዴ ላይ አቅፌ ነው የምስለው። ስለዚህ ሁለተኛውን በምጥ ነው የምወልደው ብዬ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። በአምስተኛው ወር የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ሆዴን በሜትር ለካችና "ይሄ ከወሩ ገፍቷል" ብላ አልትራሳውንድ ላከችኝ። ባለሙያው ትንሽ ዝም አለና "ሁለት ናቸው" አለኝ። እኔ የሳቅኩት ከድንጋጤ ነው።

ከዚያማ መካሪው በዛ። እማዬ "ማርያም በሽልም ታውጣሽ እንጂ ቢላ የሚባል ነገር አልሰማም" አለች። ጎረቤት "አንዴ የተቀደደ ሁሌም ይቀደዳል" አለ። አንድ የግል ክሊኒክ ደግሞ ካርዴን ገለጥ አድርገው "አንቺ ሲኤስ ነሽ" ብለው ሸኙኝ፤ በኦፕራሲዮን ነው የምትወልጂው ማለታቸው ነው። ሌላ ማብራሪያ የለም። ስሜን የቀየሩልኝ ነው የመሰለኝ።

ደብረ ብርሃን የሄድኩት ሪፈር ተጽፎልኝ ነው። ካርድ ክፍሉ እንደምታውቁት ነው፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተሰልፌ ሐኪም ጋ የገባሁት 5 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ዶክተሩ መጀመሪያ የጠየቀኝ "የበፊቱ ኦፕራሲዮን ወረቀት ይዘሻል?" ብሎ ነው። ወረቀት የለኝም፣ ጠባሳው ግን ይኸው ብዬ ቀሚሴን ከፍ ላደርግ ስል ሳቀ። "እሱ የቆዳሽ ነው። እኔ የምፈልገው የማህፀንሽን ነው" አለኝ።

ይቺን ነገር ሦስት ዓመት ሙሉ ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ከላብራቶሪ መጠየቂያ ወረቀት ጀርባ ላይ የተደፋ ቅል የመሰለ ነገር ሳለ። ወደ አንገቱ አካባቢ አግድም መስመር አሰመረ፣ ከሆዱ ላይ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ሌላ መስመር። ውጭ ቆዳው ላይ አግድም የተቀደደች ሴት ውስጧ ቁልቁል ተቀድዶ ሊሆን ይችላል አለኝ። ታችኛው የማህፀን ክፍል ላይ አግድም ከሆነ በምጥ መሞከር ይቻላል፤ ምጥ ላይ ማህፀን የመተርተሩ ነገር ከ200 ሴት አንዷ ላይ ገደማ ነው የሚያጋጥመው። ላይኛው ክፍል ላይ ቁልቁል ከሆነ ግን አደጋው ከ100 እስከ 9 ሊደርስ ስለሚችል ምጥ የሚባል ነገር አይታሰብም። "ወረቀቱን አምጪና እናወራለን፣ ያለሱ ግን ዝም ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም" አለኝ።

ወረቀቱን ለማግኘት ባለቤቴ መጀመሪያ የወለድኩበት ሆስፒታል ሦስት ጊዜ ተመላልሷል። አንዴ ካርዱ የለም፣ አንዴ ሰውየው ስልጠና ላይ ነው፣ በሦስተኛው ከአቧራ ውስጥ ተገኘ። ስወጣ የሰጡኝ ቁራጭ ወረቀት ላይ "ሲኤስ" ብቻ ነበር የተጻፈው። እንዴት ነው የሰው ሆድ ከፍቶ፣ እንዴት እንደከፈተ ሳይጽፉ የሚሸኙት? ያኔ ጠይቄ ተቀብዬ ቢሆን ይሄ ሁሉ መንከራተት አይኖርም ነበር። ለማንኛውም ወረቀቱ ላይ የምንፈልገው ተገኘ፦ ታችኛው ክፍል፣ ትራንስቨርስ፣ አግድም ማለት ነው። ባለቤቴ ፎቶ አንስቶ ሲልክልኝ ትርጉሙን ስለማውቀው ወጥ ቤት ቆሜ እልል አልኩ።

ሁለተኛው ቀጠሮ ላይ ዶክተሩ ግማሽ ሰዓት ሰጠኝ፤ በመንግስት ሆስፒታል ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ተራ የጠበቀ ያውቀዋል። ለኔ የሚያደላውንና የሚቃወመውን ሁለቱንም ዘረዘረልኝ። የበፊቱ አንድ ኦፕራሲዮን ብቻ ነው፣ ጥሩ። ከሦስት ዓመት በላይ አልፎታል፣ እሱም ጥሩ፤ ከዓመት ተኩል በታች ሲሆን ነው ጠባሳው የሚያሰጋው። የፊተኛዋ ልጅ ጭንቅላቷ ወደ ታች ነው፣ ይሄ ዋናው ነው፤ በመቀመጫዋ ወይ ተጋድማ ቢሆን ኖሮ ወሬው እዚያው ያበቃ ነበር። እንግዴ ልጁ አንድ ነው ሁለት የሚለውን የዘገየ አልትራሳውንድ በደንብ አይለየውም፣ የኔዎቹ ግን አንዷ ሴት አንዱ ወንድ ስለሆኑ የየራሳቸው እንዳላቸው በዚያ ታወቀ። የሚቃወመው ደግሞ በምጥ ወልጄ አለማወቄ ነው። አንድ ልጅ የያዘች ሴት ከኦፕራሲዮን በኋላ ብትሞክር ከ100 ከ60 እስከ 80 ይሳካላቸዋል፤ ቀድማ በምጥ ወልዳ የምታውቅ ከሆነ ቁጥሩ ከዚያም ይበልጣል፣ እኔ ያ የለኝም። መንታ ላይ የተሠሩት ጥናቶች ያነሱ ናቸው። ቢሆንም የአሜሪካ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ኮሌጅ አንዴ በታችኛው ክፍል አግድም የተቀደደች ሴት፣ መንታውን በምጥ ለመውለድ ሌላ የሚከለክላት ነገር ከሌለ መሞከር ትችላለች ነው የሚለው።

ከዚያ ወደ ሁለተኛው ልጅ መጣ። የፊተኛዋ ስትወጣ ለኋለኛው ቦታው ይሰፋዋልና ሊገለበጥ፣ ሊጋደም ይችላል። ያኔ ሐኪሙ እጁን አስገብቶ በእግሩ ስቦ ያወጣዋል፣ ካልሆነ ለሱ ብቻ ወደ ኦፕራሲዮን ይገባል። ማለትም ከታችም ከላይም መጎዳት አለ። ይሄን ስሰማ እጄ ቀዘቀዘ። ምጡ በራሱ ካልመጣ ደግሞ በክኒን አናመጣውም አለኝ፤ ጠባሳ ላለው ማህፀን ሚሶፕሮስቶል የሚባለው ክኒን አይሰጥም።

"ታዲያ ኦፕራሲዮኑ አይሻልም?" አልኩት። "ስንት ልጅ ትፈልጊያለሽ?" ብሎ መለሰልኝ። ይሄን ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሐኪም የለም። ኦፕራሲዮን በተደጋገመ ቁጥር የሚቀጥለው እርግዝና እንግዴ ልጅ ጠባሳው ላይ ተጣብቆ የመቅረት ዕድሉ ይጨምራል፣ ያ ደግሞ ደም ያስፈስሳል፣ ማህፀን እስከማውጣት ያደርሳል። "ሁለቱም መንገድ ዋጋ አለው፣ የምትከፍይው አንቺ ስለሆንሽ ነው የምጠይቅሽ" አለኝ። ከአምስቱ ኮከብ ሁለቱ ለዚህች ንግግር ናቸው።

እኔም አንድ ጠየቅኩት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ቅዳሜ ለእሁድ፣ ማህፀኔ ቢተረተር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ዶክተሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "ቀን ከሆነ ፈጣን ነን። ሌሊት የሚሠራው ጠረጴዛ አንድ ነው፣ ሰመመን ሰጪውም አንድ ነው። ነፃ ከሆነ በደቂቃዎች ትገቢያለሽ። ካልሆነ ትጠብቂያለሽ" አለኝ። አለ አይደል፣ እውነት የሚያናድድም የሚያስደስትም ጊዜ። አንድ ኮከብ የቀነስኩት በዚህ ነው፣ ለአንድ ዞን ሕዝብ ሌሊት አንድ ጠረጴዛ። የነገረኝን ሰው ግን አልቀንስበትም።

ከባለቤቴ ጋር ተማክረን፣ ምጡ በራሱ ከመጣና ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ ልሞክር አልን። እቤት ሆኖ መጠበቅ ግን አይታሰብም። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ ያውም ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ጣርማ በር ሽቅብ። የጣርማ በርን ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ነው መንገዱን የሚያየው። ከመንታ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከ37 ሳምንት በፊት ይወለዳል። ስለዚህ 36 ሳምንት ሲሞላኝ ደብረ ሲና ላይ ቆሎዬን ገዝቼ ማቆያው ገባሁ።

ማቆያው አንድ ክፍል ነው፣ ስምንት አልጋ። ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከአንኮበር የመጡ እናቶች። ቡናው ተራ በተራ ይፈላል፣ ጠዋት ጠዋት ሲስተር መጥታ ግፊት ትለካለች፣ የልጆቹን ልብ ታዳምጣለች። ምን ሲሰማን መጮህ እንዳለብን ደጋግማ ነግራናለች፣ በተለይ ለኔ፦ ምጡ ጋብ ሲልም የማይለቅ ህመም ጠባሳው ላይ ከተሰማሽ፣ ደም ካየሽ፣ የልጆቹ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ የነበረ ምጥ ድንገት ቀጥ ካለ፣ አልጋሽ ላይ እንዳትቆይ። ምግቡ ሽሮና እንጀራ ነው፣ አይከፋም።

ብርዱን ግን ተዉት። እኔ ቆላ ያደግሁ ሰው ነኝ። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ባለበት ከተማ የሚሰጡን ብርድ ልብስ የነጠላ ያህል ስስ ነበር። አጠገቤ የተኛች የመንዝ እናት አይታኝ ባናዋን አንስታ ደረበችብኝ። የበግ ሽታ አለው፣ ከባድ ነው፣ ሆዴ ላይ ሲያርፍ መንታዎቹ ሁለቱም ጸጥ አሉ። "አንቺስ?" ስላት "እኔ ብርዱ ዘመዴ ነው" አለችኝ። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ሦስቴ ይጠፋል፣ ባልዲ ይዛችሁ ሂዱ። ካልሲም ሁለት ሦስት።

በ37 ሳምንት ከ4 ቀን፣ እንዳልኩት ቅዳሜ ለእሁድ፣ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ሽርት ውሃዬ ፈሰሰ። ምጡም በራሱ መጣ። ማዋለጃ ክፍል አስገቡኝ፣ የማህፀንሽ በር 3 ሴንቲ ተከፍቷል አሉኝ፣ የሁለቱም ልጆች የልብ ምት ጥሩ ነው። ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ናት፣ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። "እህቴ፣ ፋይልሽን አንብቤዋለሁ፣ መሞከር እንደምትፈልጊም አውቃለሁ። አሁን ግን ጠረጴዛው ላይ ደም እየፈሰሳት የገባች እናት አለች። ለአንድ ሰዓት ያህል አንቺን ማስገባት አንችልም። እስካሁን ደህና ነሽ፣ መቀጠል ትችያለሽ። ይሄን ሳልነግርሽ ግን አላልፍም" አለችኝ።

ባለቤቴን ከኮሪደር አስጠራሁት። ብዙም አላወራንም። ምጡ መጥቶ ሲሄድ፣ መጥቶ ሲሄድ፣ እኔ የማስበው ያቺን የማላውቃትን ሴት ነበር። ሐኪሟን "እሷ ስትወጣ ቀጣይዋ እኔ ልሁን" አልኳት። ማንም አልገፋኝም፣ ማንም አላስፈራራኝም።

9 ሰዓት ተኩል ላይ ገባሁ። ከወገቤ በታች አደነዘዙኝ። ሴቷ 2.5 ኪሎ፣ ወንዱ 2.3። እማዬ ጠዋት በስልክ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አለችኝ፤ ስለ ቢላው አላነሳችም። ያቺ ሴትም ተርፋለች፣ ማታ ሦስተኛው አልጋ ላይ አጥሚት ስትጠጣ አየኋት።

ዶክተሩ ሰኞ ሲጎበኘኝ "የበፊቱ ጠባሳሽ ደህና ነበር" አለኝ። ቢቀጥል ሊሳካ ይችል ነበር ማለት ነው? አንዳንዴ ጡት እያጠባሁ አስበዋለሁ። ሁለተኛ ጠረጴዛ ቢኖር እሞክር ነበር፣ ይሄን አልደብቅም።

ክፍያ ለምትጠይቁኝ፣ ወሊዱም ኦፕራሲዮኑም በመንግስት ሆስፒታል ነፃ ነው፣ ማቆያውም አላስከፈለኝም። አንድ ሁለት መድኃኒት ግን የለም ተብለን ከውጭ ገዝተናል። ማዋለጃ ክፍሉ ንጹህ ነው። የጽዳት ሠራተኞቹን አመስግኑልኝ፣ ውሃ በሌለበት ቀን እንኳን ከየት እንደሚያመጡት እንጃ። አንዲት የሌሊት ነርስ ጩኸት ታበዛለች፣ ስሟንም አልጠየቅኩ።

ስወጣ ወረቀቴን ጠየቅኩ። ነገ ነይ አሉኝ፣ አልሄድም አልኩ። አንዱን ልጅ እኔ፣ አንዷን ባለቤቴ ይዘን በሩ ላይ ቁጭ አልን፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ማህተም ተደርጎበት መጣ። አሁን ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር በአንድ ፌስታል ቁም ሳጥን ላይ ነው።