ያማሃ ኤክስኤስ 650 ሞተር ብስክሌት፦ የፊት ሾኩ ሞላና ኢሙሌተር ከተቀየረለት ከወራት በኋላ

ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ሞላውን ቀይሩ። ኢሙሌተሩ (ሾኩ ውስጥ የዘይቱን ፍሰት የሚቆጣጠር ትንሽ ቫልቭ) ግሩም ዕቃ ነው፤ በደከመ ሞላ ላይ ከተቀመጠ ግን ጥቅሙ ግማሹ እንኳ አይታይም። በዝናቡም በደረቁም ወራት ከነዳሁት በኋላ አቋሜ ይኸው ነው።

ሞተሩ 653 ሲሲ፣ ባለ ሁለት ሲሊንደር ነው። ሾኩ እ.ኤ.አ. ከ1977 ሞዴል ጀምሮ የመጣው ባለ 35 ሚሊሜትር ቱቦ ሲሆን የቀደሙት 34 ናቸው። ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ቱቦውን በካሊፐር ለኩት፤ እንዲህ ያረጀ ሞተር ላይ ከሌላ ዓመት ሞዴል የተፈታ ሾክ ተገጥሞ ማግኘት የተለመደ ነው። የገባለት ዕቃ ይህ ነው፦ ጥንካሬው ከላይ እስከ ታች አንድ የሆነ ባለ 0.85 ሞላ (አንድ ሚሊሜትር ለመጨመቅ 0.85 ኪሎ የሚፈልግ)፣ ጥንድ የሬስ ቴክ ጎልድ ቫልቭ ኢሙሌተር፣ 15 ቁጥር የሾክ ዘይት፣ አዲስ ፓራኦሊዮ (ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግድ የጎማ ቀለበት) እና ለታችኛው ቡሎን የመዳብ ሮንዴላ። የሞላው ቁጥር ከ75 እስከ 80 ኪሎ ለሚመዝን ነጂ የሚሆን ነው። ሁልጊዜ ሰው ከኋላ የምትጭኑ ከሆነ 0.90 ይሻላችኋል።

የድሮው ሾክ ሁለት ተቃራኒ ጥፋቶች አሉበት። ፍሬን ሲያዝ ፊቱ ይደፋል፤ ሹል ጉድጓድ ሲመታ ደግሞ እንደ ብረት ደርቆ እጅን ያነዝራል። ሰበቡ በውስጡ ያለው ዳምፐር ሮድ (ጎኑ የተበሳ ቀጭን ቱቦ) ነው። ዘይቱ የሚያልፈው ስፋታቸው በማይለወጥ ቀዳዳዎች ስለሆነ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ተቃውሞው አራት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በዝግታ ሲጨመቅ የሚይዘው የለም፤ በፍጥነት ሲጨመቅ ደግሞ ዘይቱ ማለፊያ ያጣል። ዘይት ማወፈር ፍሬን ላይ ያለውን ቢያሻሽል ጉድጓዱ ላይ ያለውን ያባብሰዋል። ለዚህ ነው የዘይት ቁጥር በመቀያየር ብቻ መፍትሔ የማይገኘው።

ኢሙሌተሩ በሮዱ አናት ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ቫልቭ ነው፤ ዋናው ሞላ ከላይ ተጭኖ ይይዘዋል። ዘይት ቀስ ሲል በጠባብ ቀዳዳ ያልፋል፤ ግፊቱ ሲበረታ የቫልቩ ትንሽ ሞላ ይሸነፍና ሰፊ መንገድ ይከፈታል። ይህ እንዲሠራ ሮዱ ከእንግዲህ ዘይት ማገድ የለበትም፤ ስለዚህ መበሳት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሮዱን ሳይበሱ ኢሙሌተር ካስቀመጡበት በኋላ «ጭራሽ ደረቀብኝ» ይላሉ፤ ሁለቱ እገዳዎች እኮ ተደራርበዋል።

በሮዱ ግርጌ ያሉትን የመጨመቂያ ቀዳዳዎች በ8 ሚሊሜትር ፑንታ አስፉና በጠቅላላው ቢያንስ 6 እስኪሆኑ ጨምሩ። ጥንድ ጥንድ እያደረጋችሁ፣ አንዱን ጥንድ ከቀጣዩ በ90 ዲግሪ አዙራችሁ፣ በመሐል 10 ሚሊሜትር ያህል አራርቃችሁ ብሱ፤ በአንድ መስመር ከተደረደሩ ሮዱ ይዳከማል። ከላይ በኩል ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ግን እንዳትነኳት፤ ሾኩ ወደ ላይ ሲመለስ ፍጥነቱን የምትቆጣጠረው እሷ ናት። ስትጨርሱ የቀዳዳዎቹን ጠርዝ ከውጭም ከውስጥም በክብ ሞረድ አለስልሱና በቤንዚን ደጋግማችሁ እጠቡ። አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ዘይቱ ውስጥ ከቀረች ቱቦውን ትቧጭራለች።

ሮዱን ማውጣቱ ራሱ የሚያታግል ሥራ ነው። ከሥር ያለው የአለን ቡሎን ሲፈታ ሮዱ አብሮ ይዞራል። ስለዚህ ሞላውና ክዳኑ በቦታቸው እያሉ፣ ሾኩን ጨመቅ አድርጋችሁ ቡሎኑን በቅድሚያ አላሉት፤ የሞላው ግፊት ሮዱን ይይዝላችኋል። የላይኛውን ክዳን ደግሞ ሾኩ ሞተሩ ላይ እንዳለ፣ የላይኛውን መያዣ ቡሎን አላልታችሁ ጀምሩት። በመጨረሻዎቹ ጥርሶች ላይ ሞላው ክዳኑን ወደ ላይ ስለሚያፈናጥረው ፊታችሁን አርቃችሁ፣ በመዳፍ ተጭናችሁ ፍቱ።

ፓራኦሊዮው ሲገባ የቱቦውን አፍ በቀጭን ፌስታል ሸፍኑና ዘይት ቀቡት፤ ስለታም ጠርዝ ከንፈሩን እንዳይቆርጠው። ከዚያ በፊት ግን ቱቦውን ራሱን መርምሩ። የጎማ ሽፋን ያላቸው ሾኮች ዝገታቸውን ከሥሩ ደብቀው ይይዛሉ። ጥፍራችሁን በክሮሙ ላይ ስታንሸራትቱ የሚይዝ ጉድፍ ካለ፣ ጉድፉም ፓራኦሊዮው በሚመላለስበት ቦታ ከሆነ፣ አዲሱ ፓራኦሊዮ ብዙ አይከርምም። ቀጥ ማለቱን ለማየት ወፍራም መስታወት ላይ አንከባሉት፤ ከሥሩ ብርሃን ሲከፈትና ሲዘጋ ካያችሁ ቱቦው ጎብጧል።

ሞላውን ከላይ የሚጫነው ቱቦ ስፔሰር ይባላል፤ ወፍራም የፒቪሲ ቧንቧ ይበቃል፣ ከላይና ከታች ሮንዴላ ይደረግበታል። ኢሙሌተሩ ከሞላው ሥር ቦታ ስለሚይዝ የድሮውን ልኬት መከተል አይሆንም። ሾኩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ኢሙሌተሩ፣ ሞላውና ሮንዴላው ገብተው እያሉ ከሮንዴላው እስከ ቱቦው አፍ ለኩ፤ ክዳኑ ወደ ውስጥ የሚገባበትን ቀንሱና የምትፈልጉትን ቅድመ ጭነት (ሞላው ሲገጠም አስቀድሞ የሚጨመቅበትን ልክ) ደምሩ። ለምሳሌ ልኬቱ 130 ቢሆን፣ ክዳኑ 25 ቢገባ፣ ቅድመ ጭነቱም 20 ቢሆን ስፔሰሩ 125 ሚሊሜትር ይቆረጣል። ከዚያ ቱቦው ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩና የመንጃ ልብሳችሁን ለብሳችሁ ተቀመጡበት። ሾኩ ከጠቅላላ እንቅስቃሴው አንድ ሦስተኛ ገደማ ቢሰምጥ ልኩ ነው። ከዚያ በጣም ካለፈ ስፔሰሩን አስረዝሙ፤ ቅድመ ጭነቱ 30 ደርሶም ካልተስተካከለ ጠንከር ያለ ሞላ ያስፈልጋችኋል።

ዘይቱን በሲሲ መለካት ይቅር። ሮዱ ስለተበሳና ኢሙሌተር ስለገባ የመመሪያው መጠን ከእንግዲህ አይሠራም። ሞላውን አውጥታችሁ፣ ሾኩን ቀጥ አድርጋችሁ እስከ መጨረሻው ጨምቁ፤ አየሩ እስኪወጣ ደጋግማችሁ ከፍ ዝቅ አድርጉት፤ ከዚያ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ድረስ ለኩ። 140 ሚሊሜትር ጥሩ መነሻ ነው። ሾኩ ጉብታ ላይ ታች ደርሶ የሚመታ ከሆነ የዘይቱን ከፍታ በ10 ሚሊሜትር ከፍ አድርጉት፤ ከዘይቱ በላይ ያለው አየር ሲጠብ የመጨረሻው ክፍል ይጠነክራል። ሁለቱ የሾክ እግሮች (ግራና ቀኙ) እኩል ይሁኑ።

የኢሙሌተሩ ትንሽ ሞላ በማስተካከያ ቡሎኑ የሚጠበቅበት መነሻ 2 ዙር ነው፤ የሚቆጠረውም ሞላው ቫልቩን ገና ከነካበት ነው። ኮብልስቶን ላይ 2 ዙር ለእኔ ደረቀ፤ ወደ 1.5 ሲወርድ እጅ ማንዘሩ ቀነሰ፣ ፍሬን ላይም ብዙ የጎደለ ነገር የለም። ዋና ድክመቱ ከውጭ የሚስተካከል አለመሆኑ ነው። ሩብ ዙር ለመቀየር ክዳን መፍታት፣ ሞላ ማውጣት፣ ኢሙሌተሩን በተቆለመመ ሽቦ ማጥመድ ያስፈልጋል። መቆለፊያ ዳዶውን በመጨረሻ በሎክታይት (የቡሎን ማጣበቂያ) እሰሩት፤ ከላላ ቅንጅቱ ብቻውን ይለወጣል።

ሾኩ ሲመለስ የሚቆጣጠረው ግን አሁንም የድሮው ቀዳዳና የዘይቱ ውፍረት ነው። ተከታታይ ጉብታ ላይ ፊቱ ዝቅ እያለ የሚሄድ ከሆነ ዘይቱ ወፍሯል፤ ጉብታውን አልፎ ወደ ላይ የሚወረውራችሁ ከሆነ ቀጥኗል። አንዱ አምራች «15» ያለው የሌላው 10 ሊሆን ስለሚችል የምርት ስም ስትቀይሩ ጣሳው ላይ ያለውን የቪስኮሲቲ (የውፍረት) ቁጥር በ40 ዲግሪ አመሳክሩ።

ጎማው ሲመለስ ፔርኖውን (የጎማውን ዘንግ) የሚይዘውን የእግር ቡሎን ሳታጠብቁ ሾኩን ብዙ ጊዜ ወደ ታች ተጫኑት፤ ሁለቱ እግሮች ራሳቸው ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ነው የሚጠበቀው። ይህን የዘለለ ሰው ሾኩ ተጣብቆ ሲንቀሳቀስበት ጥፋቱን ወደ ኢሙሌተሩ ያዞራል።

አሁን ፍሬን ሲያዝ ፊቱ ይወርዳል እንጂ አይደፋም፤ ኩርባ ውስጥ ጉድጓድ ቢመታም መስመሩን አይለቅም። ሙሉ ፍሬን ላይ ግን 35 ሚሊሜትር ቱቦ ይተጣጠፋል፤ ይህን የሚያሻሽለው ሁለቱን እግሮች የሚያያይዝ ማጠናከሪያ ነው እንጂ ቫልቭ አይደለም። የኋላው ሾክ ድካምም ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ ወጥቷል፤ ለሱም በጀት ያዙ። የመጀመሪያው ዘይት ቶሎ ጠቁሮ ግራጫ ሆኖ ስለሚወጣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ በኋላ ለውጡት፤ ከዚያ ወዲያ በዓመት አንዴ ይበቃዋል።